የመጀመሪያ ጥሩ ሜካኒካል ሰዓት፦ ለጎጃም ኑሮ የቱ ይሻላል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቁብ ወጥቶልኛል። የእህቴ ባል ለፋሲካ ከዱባይ ይመጣል፤ "የምትፈልገውን ንገረኝ፣ ይዤልህ እመጣለሁ" ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ነው፦ ባትሪ የሌለው፣ በሞላ የሚሠራ፣ ዕድሜ ልኬን የማስረው ጥሩ የእጅ ሰዓት።

ሥራዬ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር፣ ነገ ዳንግላ፣ ሌላ ጊዜ እስከ ደጀን እወርዳለሁ። አቧራ አለ፣ ዝናብ አለ፣ መኪናው ሲያንገጫግጨን ይውላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርጉም ለቅሶውም አይቀርም፤ ከሱፍ ጋር መሄድ አለበት።

ሦስት ሐሳብ ይዣለሁ። አንዱ የቱዶር ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት ነው። ሌላው ያገለገለ ኦሜጋ ሲማስተር። ካልሆነም ገንዘቡን ከፋፍዬ ሁለት ሦስት ሴኮ ልግዛና መሰብሰብ ልጀምር እያልኩ ነው። የአባቴም ሴኮ ፋይቭ ቤት አለ፤ ቆሟል። እሱንም ማስነሳት እፈልጋለሁ።

ምን ትላላችሁ? ስሙን ብቻ ሳይሆን አብሮ መኖሩን ንገሩኝ።

ሞጣ 21600 (ሞጣ)

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር፣ የውሃ መቋቋሙ 200 ሜትር ነው። አንዴ ከሞላ 70 ሰዓት ይሄዳል። ዓርብ ማታ አውልቀህ ጠረጴዛ ላይ ብትተወው ሰኞ ጠዋት እየሄደ ታገኘዋለህ። የስዊሱን የክሮኖሜትር ፈተና ያለፈ ነው፤ ፈተናው በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ከ6 ሰከንድ በላይ ደግሞ እንዳይቀድም ይጠይቃል። ቱዶርን የመሠረተው የሮሌክሱ ሃንስ ዊልስዶርፍ ነው። ጥራቱን ትወርሳለህ፣ የሮሌክስን ዋጋና የሮሌክስን ወረፋ ግን አትከፍልም።

ኦሜጋ ሲማስተር ስትል የትኛውን? እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚሠራ ቤተሰብ ነው፤ በመካከሉ የማይገናኙ ሰዓቶች አሉ። አዲሶቹ "ማስተር ክሮኖሜትር" የሚባሉት 15,000 ጋውስ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ማግኔት ይቋቋማሉ። አሮጌዎቹ እንዲህ አይደሉም። ያገለገለ ስትገዛ የሞዴል ቁጥሩን ሳታውቅ ብር አታውጣ።

ወደ ሴኮ ስንመጣ አድልቼ ነው የማወራው፤ ስሜም ከዚያ ነው። ብዙዎቹ የሴኮ ሞተሮች፣ ማለትም የውስጥ ማሽኖቹ፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፣ በሰከንድ 6 ማለት ነው። የዛሬዎቹ የስዊስ ሰዓቶች አብዛኞቹ 28,800፣ በሰከንድ 8። የስዊሱ ሰከንድ ቆጣሪ ለዓይን ለስለስ ብሎ ይሄዳል። የሴኮው ደግሞ ረጋ ያለ ነው፤ ለፍትጊያውም ቀለል ይላል። እኔ ብሆን ሦስት ሴኮ እገዛና በሦስት ዓይነት ሰዓት እማራለሁ። ሰብሳቢ የሚሆነው ያየ ሰው ነው።

ፈረሰኛው (እንጅባራ)

መንገጫገጭ ስላልክ ልናገር። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ እጋልባለሁ፤ የሚሞላ ሰዓት አስሬ ነው የምጋልበው። ብዙ ሰው "ይሰበርብሃል" ይለኛል።

ዛሬ የሚሠሩት ሁሉም ማለት ይቻላል የድንጋጤ መከላከያ አላቸው። ኢንካብሎክ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ አለ። ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት የሚወስነው መንኮራኩር ዘንግ ጫፉ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ ጫፉ የሚያርፍበትን ድንጋይ የያዘችው ትንሽ ሞላ ስትለጠጥ ጫፉ ከመሰበር ይድናል። ፈረስ ላይም መኪና ላይም የሚደርሰው ንቅንቅ ይሄን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ከእጅ ሾልኮ ሲሚንቶ ላይ መውደቅ ነው። ስለዚህ ስለ ማሰሪያው መርፌ ተጨነቅ። ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያያይዙት እነዚያ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ናቸው ሰዓት የሚጥሉት።

ፈረስ ካነሳሁ አይቀር ዤዤ ለኩልትር ሪቨርሶን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. 1931 ላይ የወጣው ሕንድ ውስጥ ፖሎ ለሚጫወቱ የእንግሊዝ መኮንኖች ነው። ጨዋታ ላይ መስታወቱ እየተሰበረ ስላስቸገራቸው ፊቱን ገልብጠው ብረቱን ወደ ውጭ የሚያደርጉት ሰዓት ተሠራላቸው። የኛ ፈረሰኛ ጉግስ ላይ ቢያስረው እንዴት ያምርበት ነበር!

ሰዓት ሰሪው (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ ጣና ዳር፣ እንደምን አለህ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ማርቆስ ላይ የሰዓት ክዳን ስከፍት ነው የኖርኩት። ስለዚህ ከውስጥ ልጀምርልህ።

ሰዓት የሚጎዳው መውደቅ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ዘይቱ ነው። ውስጥ ያለው ዘይት በጣም ትንሽ ነው፤ በመርፌ ጫፍ ነክተህ የምታኖረው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ወይም ከቦታው ይሸሻል። ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ከሟሸሸ ደግሞ አቧራ ይገባል። ከመኸር በኋላ የሚመጡልኝን የገበሬ ሰዓቶች ክዳን ሳነሳ የጤፍ እብቅ በቀለበቱ ዙሪያ ተጋግሮ አገኘዋለሁ። ውስጥ የገባው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ቀዩ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ያ ጭቃ ዘንጉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ባለቤቱ ምንም አያውቅም። ቀን ጠብቆ አንድ ጠዋት ይቆማል፤ ያን ጊዜ ዘይት ብቻ ሳይሆን ዘንግም መቀየር ሊኖርብህ ነው።

ሰው "የኔ ባለ 21 ድንጋይ ነው" እያለ ይመጣል። ድንጋዩ ሰው ሠራሽ ሩቢ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ሥራው ዘንጉ ሳይፋተግ እንዲዞር ማድረግ ነው። ብዛቱን አይተህ አትግዛ።

እና የምመክርህ ይሄን ነው፦ ሰዓቱን ከመምረጥህ በፊት ማን እንደሚከፍትልህ ጠይቅ። ለሴኮ መለዋወጫው ይገኛል፤ ካልተገኘም ከሌላ ሴኮ ይወጣል። ሴሊታ የሚባለው የስዊስ ሞተር፣ ያ ኢታ 2824 የሚባለውን የድሮ ሞተር መስሎ የተሠራው፣ እሱንም እንሠራዋለን። ቱዶር ግን የራሱ የሆነ ሞተር ነው ያለው። ክዳኑን መክፈት አያቅተኝም፤ የሚቀየረውን ዕቃ ግን አላገኝም። ቱዶር ከገዛህ፣ ጊዜው ሲደርስ ወደ ዱባይ ተመልሶ እንደሚሄድ፣ ለሰርቪሱም እንደሚከፈል ከአሁኑ ሒሳብህ ውስጥ አስገባው። አማች ስላለህ ይቀልልሃል። አማች የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ ሴኮ ወይም ሴሊታ ያለበትን ግዛ እለዋለሁ።

ደጀን ቆላ (ደጀን)

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን የሚሰማኝን ልናገር። ለአንድ ሰዓት የሚወጣው ገንዘብ ጥንድ በሬ ገዝቶ ይተርፋል። ስልክ ሰዓት ይነግራል። የባትሪ ሰዓት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ትክክል ነው። ለምን?

ፍኖተ ሰላሟ (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ ደጀን ቆላ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ትክክልነቱን በተመለከተም እውነትህን ነው። ተራ የባትሪ ሰዓት በወር 15 ሰከንድ ገደማ ነው የሚዛነፈው፤ ጥሩ የሚባለው ሜካኒካል በጥቂት ቀን ያን ያህል ሊዛነፍ ይችላል። ሴኮ እ.ኤ.አ. በ1969 በፈረንጆች ገና ቀን የመጀመሪያውን የኳርትዝ (በባትሪ የሚሠራ) የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያወጣ ስዊሶች ተንቀጠቀጡ። ወደ 90 ሺ የሚጠጋው የሰዓት ሠራተኛቸው በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 30 ሺ ወረደ። ጉዳዩ ትክክል ሰዓት ማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜካኒካል ሰዓት ያኔ አብቅቶለት ነበር።

ያላበቃው ሊጠገን ስለሚችል ይመስለኛል። እኔ ነርስ ነኝ። የማስራት ሰዓት የእናቴ ናት፤ ትንሽ፣ በእጅ የምትሞላ። ሁልጊዜ ጠዋት ቡና ሲፈላ እሞላታለሁ። እናቴ አስተማሪ ሳለች በደመወዟ የገዛቻት ናት። ከዚያ ወዲህ የተገዛ ስልክ ሁሉ ተጥሏል፣ እሷ ግን አለች። ጓንት አጥልቄ ከኪሴ ስልክ አላወጣም። የታካሚ የልብ ምት 15 ሰከንድ ቆጥሬ በ4 የማባዛው በሷ ነው።

ስለዚህ ጣና ዳር፣ ለምርጫህ የኔ አስተያየት አንድ ነው፦ ሰከንድ ቆጣሪ ይኑረው፣ ጨለማ ውስጥም ይነበብ። ካርቲዬ ታንክ እ.ኤ.አ. በ1917 የተነደፈ ነው፤ እስከ ዛሬ ከሱ ያማረ ሰዓት አላየሁም። ግን አብዛኛው ታንክ ሰከንድ ቆጣሪ የለውም፣ ማታም አያበራም። ለሠርግ ድንቅ ነው። ለተረኛ ነርስና ለመንገድ ሠራተኛ አይሆንም።

ደጀን ቆላ (ደጀን)

እህቴ፣ አክብረሽ ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። የእናትሽ ሰዓት ገብቶኛል። በሬውን ግን አሁንም አልተውኩትም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ደጀን ቆላ፣ በሬው ከቤተሰቡ ድርሻ ነው፤ እሱ ተለይቶ ተቀምጧል። ይሄ ከዚያ የተረፈው ነው። ብድር ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር።

ጋሼ ሰዓት ሰሪው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማን ይከፍተዋል የሚለውን ከዚህ በፊት ማንም አላነሳልኝም።

ሌላ የቸገረኝ ነገር አለ። ቀን የሚያሳየውን ልግዛ ወይስ የማያሳየውን? ቀኑንስ በኛ ነው በፈረንጅ የማደርገው? ሰዓቱንስ?

መዝገበ ቀን (ቢቸና)

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር!

ከቀኑ እንጀምር። የሰዓት ቀን መቁጠሪያ ቀለበት ከ1 እስከ 31 ነው የተጻፈበት። በፈረንጅ ካደረግከው በዓመት አምስት ጊዜ ታስተካክላለህ፤ 31 የማይሞሉ ወሮች አምስት ናቸውና። በኛ ካደረግከው ደግሞ እያንዳንዱ ወር 30 ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ 31ን አንድ ጊዜ ታሻግራለህ። አሥራ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። ግን መቼ እንደሆነ አትረሳም፤ ሁልጊዜ 30 ላይ ነው። የሚያስቸግረው ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 5 አልፎ እንቁጣጣሽ ሲነጋ ሰዓቱ 6 ይላል። ወደ 1 ለመድረስ 26 ጊዜ ማሻገር አለብህ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 25። በዓመት አንዴ ስለሆነ ለእኔ የእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሰዓት ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው ውስጥ ሆኖ ቀኑ ሊቀየር ሲቃረብ ወይም ገና ሲቀየር በመሙያው (ጎኑ ላይ ባለችው በምትዞረው ጉብታ) ቀን አትለውጥ። ጥርሶቹ ተያይዘው ነው የሚገኙት፤ ሊሰበሩ ይችላሉ። መጀመሪያ ቆጣሪውን ወደ 6 አውርደህ ከዚያ ቀይር።

አሁን ሰዓቱ። ብዙዎቻችን በፈረንጅ ሞልተን ትይዩውን እናነባለን፤ 7 ላይ ሲሆን አንድ ሰዓት እንላለን። ልምድ ነው፣ አያስቸግርም። በኛ አቆጣጠር ቀጥታ ብትሞላው ግን ደስ የሚል ነገር ታገኛለህ። ቀኑ የሚቀየረው 12 ላይ ስለሆነ ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 እንዲቀየር አድርገህ መሙላት ትችላለህ። እኔ ማታውን መርጫለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ከዋዜማው ትጀምራለችና ማኅሌት ስቆም ሰዓቴ የበዓሉን ቀን ይዞልኛል።

እዚህ ላይ የጃንሆይን ሰዓት ላንሳ። የፓቴክ ፊሊፕ ቁጥር 2497፣ የወርቅ፣ ዘላለማዊ ካሌንደር ያለው። የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ፣ አራተኛውን ዓመት ጭምር ራሱ የሚያውቅ ማሽን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ቀርቦ ቤተሰቡ ጥያቄ በማንሳቱ ተነሣ፤ በ2017 ጄኔቭ ላይ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ባሰብኩት ቁጥር የሚቆጨኝ አለ። ያ ሁሉ ጥበብ የተደከመበት የፈረንጁን ያልተስተካከለ ወር ለመከተል ነው። የኛ አሥራ ሁለት ወር እኩል ነው። ለኛ አቆጣጠር ቢሠራ ባለ 30 ቁጥር ቀለበትና ጳጉሜንን የምትይዝ አንዲት ተጨማሪ ክፍል ይበቃሉ። አንድ ቀን የኛ ልጅ ይሠራዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው።

ሞጣ 21600 (ሞጣ)

ይሄን አስተያየት ሴቭ አድርጌዋለሁ። ለጣና ዳር ግን አንድ ነገር ልብ በል፦ ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት ቀን የለውም። የሚያሳየው ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ብቻ ነው። በኛም በፈረንጅም ብትሞላው የሚጋጭ ነገር የለም።

አባይ ማዶ (ባሕር ዳር)

ስለ ውሃ ብዙ አልተባለም። 30 ሜትር የተጻፈበትን አስሮ ጣና የሚገባ ሰው አያለሁ። 30 ሜትር ማለት እጅ ስትታጠብ ቢረጭበት አይጎዳውም ማለት ነው። መዋኘት ከሆነ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ፣ መሙያውም እንደ ብሎን በጥርስ የሚታሰር። የጎማ ቀለበቱ ያረጃል፣ ስለዚህ ያገለገለ ኦሜጋ ብትገዛ የተጻፈውን ቁጥር አትመን፤ በግፊት አስፈትሸው። ቆዳ ማሰሪያ ደግሞ በባሕር ዳር ወበቅ ቶሎ ይሸታል። ብረት ሰንሰለት ወይም ጨርቅ ይሻልሃል።

ፍኖተ ሰላሟ (ፍኖተ ሰላም)

ስለ ፎርጅድም አስጠንቅቁት እንጂ! አንድ ዘመዴ ሮሌክስ ነው ተብሎ በኢንተርኔት ሻጭ ተሸውዷል።

ሰዓት ሰሪው (ደብረ ማርቆስ)

ልክ ነሽ ልጄ። "ሰከንድ ቆጣሪው እየተንሸራተተ ከሄደ ኦሪጅናል ነው" የሚባለው ስሕተት ነው፤ የዛሬው ፎርጅድም አውቶማቲክ ሞተር ስላለው ይንሸራተታል። ጀርባው መስታወት ሆኖ ሞተሩ የሚታይ ሮሌክስ ካመጡላችሁ ተጠራጠሩ፤ ጥቂት ሞዴሎች ካልሆኑ በቀር የሮሌክስ ጀርባ ዝግ ብረት ነው። በማጉያ መስታወት ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ተመልከቱ። የኦሪጅናሉ ፊደል ጠርዙ ስለታም ነው፤ የፎርጅዱ ቀለም ዳር ዳሩ ይፈስሳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከታወቀ ሱቅ፣ ከነዋስትናው መግዛት ነው። አማችህ ከሱቁ ደረሰኝና ቁጥሩ የተጻፈበትን ካርድ ሳይቀበል እንዳይወጣ ንገረው። ያ ካርድ ነገ ሰርቪስ ስትልክም፣ ልሽጥ ብትልም ይፈለጋል።

ሌላም ልጨምር። ሰዓትህ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ። ማግኔት ይዞት ይሆናል። የሚወዛወዘውን መንኮራኩር የምትመልሰው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ማግኔት ሲነካት እርስ በርሷ ትጣበቅና አጭር ትሆናለች፣ መንኮራኩሩ ይፈጥናል። የመኪና ስፒከርና የታብሌት መሸፈኛ ላይ ያለው ማግኔት ዋናዎቹ ናቸው። ኮምፓስ አጠገብ አስጠጋው፤ መርፌው ከተወዛወዘ ይዞታል። ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ ያለው ሰው በአንድ አፍታ ያጠራልሃል።

ፈረሰኛው (እንጅባራ)

ጋሼ፣ ሙቀትና ብርድስ? ከማርቆስ ብርድ ተነሥቶ አባይ በረሃ ሲወርድ ሰዓቱ አይዛባም?

ሰዓት ሰሪው (ደብረ ማርቆስ)

ድሮ በጣም ይዛባ ነበር። ተራ ብረት ሲሞቅ ይላላል፣ ሰዓቱም ይዘገያል። ሻርል ኤዱዋር ጊዮም የሚባል ስዊሳዊ በሙቀት ብዙም የማይለዋወጡ ቅይጥ ብረቶች አግኝቶ ለሰዓት አዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚያ ነው። ዛሬ ከደጀን ወርደህ ጎሐ ጽዮን ብትወጣ ልዩነቱን በዓይንህ አታየውም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወስኛለሁ። ብላክ ቤይ ፊፍቲ ኤይት፣ ከብረት ሰንሰለቱ ጋር። ቀን የለውም፣ ውሃ ይችላል፣ ከሱፍም ጋር ይሄዳል። የሰርቪሱን ነገር ከአማቼ ጋር ዛሬ ተነጋግረናል፤ በየጊዜው ስለሚመላለስ ይዞልኝ ይሄዳል። ለዚያም ከዕቁቡ ለይቼ አስቀምጣለሁ። በኛ አቆጣጠር ነው የምሞላው።

ሞጣ፣ ሐሳብህን አልጣልኩትም። የአባቴ ሴኮ ሲነሣ ሁለት ይኖረኛል።

ሞጣ 21600 (ሞጣ)

ጥሩ ምርጫ ነው። ግን አማችህ ከመግዛቱ በፊት የእጅህን አንጓ በክር ለካ። የሰዓቱ ርዝመት ማሰሪያው ከሚያያዝበት ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ወደ 48 ሚሊ ሜትር ነው። በማስመሪያ 48 ሚሊ ሜትር ወረቀት ቆርጠህ አንጓህ ላይ አኑረው። ከዳርና ዳር ካልወጣ ይሆንሃል። የፊቱን ስፋት ብቻ አይቶ የገዛ ብዙ ሰው ነው እጁ ላይ የሚንቀዋለልበት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ለካሁት። አልወጣም፣ ቦታም ተረፈ።

ጋሼ፣ የአባቴን ሰዓት ደግሞ መሙያውን ደጋግሜ አዙሬው አልነሣ አለኝ። ሞላው ተበጥሶ ይሆን?

ሰዓት ሰሪው (ደብረ ማርቆስ)

ሳይበጠስም ይሆናል። የድሮዎቹ ሴኮ ፋይቭ አብዛኞቹ በመሙያ አይሞሉም፤ መሙያው ሰዓቱንና ቀኑን ለማስተካከል ብቻ ነው። የሚሞሉት በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ ያዘውና ክብ እየሠራህ ቀስ ብለህ አወዛውዘው። ውስጥ ያለው ግማሽ ጨረቃ መሰል ክብደት ሲዞር ይሰማሃል። ሰከንድ ቆጣሪው ከተነሣ ሞላው ደኅና ነው ማለት ነው። ግን ደስ ብሎህ ማሰር እንዳትጀምር፤ ለዓመታት ቆሞ ስለነበር ዘይቱ ደርቋል፣ በደረቁ ከሄደ ይፋተጋል። እንደ ተነሣ ተወው፣ ራሱ ይቁም። ወደ ማርቆስ ስትመጣ ይዘኸው ና። ከመክፈቴ በፊት የጀርባውን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የሚሆነውን የጎማ ቀለበት አስቀድሜ ልፈልግልህ።